አሸዋው ላይ የተረሱ ሽምብራዎች

ሰኞ፣ ሐምሌ 11

ዛሬም አልተስማሙም። ይህ አሥራ ሁለተኛው ረቂቅ ነው። የምቆጥረው እኔ ብቻ ነኝ፤ እነሱ በየቀኑ እንደ አዲስ ነው የሚጀምሩት።

ጠዋት የባሕር ኃይሉ ኮማንደር ይገዙ ገቡና «ገጽ አራት ላይ ‹ዋናው ድጋፍ የመርከብ መድፍ ነው› ብለሽ አስተካክይ» አሉኝ። አስተካከልኩ። ከምሳ በፊት የአየር ኃይሉ ሻለቃ ግርማ መጣና ያንኑ መስመር በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ «ዋናው ድጋፍ አነጣጥሮ የሚመታ አውሮፕላን ነው» አለ። አስተካከልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኃላፊያችን ጓድ ታፈሰ ሁለቱንም አየና «ዋናው ድጋፍ የሰፊው ሕዝብ የትግል ጽናት ነው» ብሎ ጻፈበት። እሱንም አስተካከልኩ። በታይፕ የምመታበት ስቴንስል፣ የማባዣው ሰም ወረቀት፣ በማረሚያ ቀለም ብዛት እንደ ቆዳ ጠንክሯል። (ሻለቃውንና ኃላፊውን እዚህ ደብተር ላይ አንቱ አልላቸውም። ቢሮ ውስጥ የምላቸው ይበቃቸዋል። ኮማንደሩ ግን ሽማግሌ ናቸው፤ አንተ ለማለት እጄ አይታዘዘኝም።)

ነገሩ ሲያጥር ይህ ነው። እግረኛ ጦር በጀልባ መጥቶ ጠላት ወደያዘው የባሕር ዳርቻ ሲወርድ፣ ከኋላው ማን ይደግፈው? መርከቡ ከባሕር ላይ በመድፍ? ወይስ አውሮፕላኑ ከሰማይ አነጣጥሮ? ለዚህ አንድ ጥያቄ ነው ሁለት ወር ሙሉ ከአዲሱ ገበያ ዝቅ ብሎ ባለው በዚህ የተወረሰ ቪላ ውስጥ የተቀመጥነው። የእኔ ጠረጴዛ ያለው የልጆች መኝታ ቤት በነበረው ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ የተሳለች ዝሆን አለች። ቀኑን ሙሉ ታየኛለች።

ልምምድ ነው ይላሉ። ልምምድ ከሆነ ገጹ ሁሉ ላይ «ጥብቅ ምስጢር» የሚል ማኅተም የምመታው ለምንድን ነው? ይህን መጻፌም ጅልነት ነው። ጦሩ የሚወርድበትን ቦታ ስም፣ የሰውንም ሙሉ ስም አልጽፍም። ደብተሩ የእማዬ የጥጥ ቅርጫት ሥር ነው የሚያድረው።

ፍስሐ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ እዚያ ዳርቻው ጋ ነው። ከእግረኞቹ ጋር ሬዲዮ ተሸክሞ ነው የሚወርደው። ቢሮ ውስጥ ለማንም አልተናገርኩም።

ከሥራ ስመለስ እማዬ ደብዳቤ አስጻፈችኝ። እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ሰላምታ፣ የጎረቤት ሁሉ ሰላምታ፣ ጋቢ እየፈተልኩልህ ነው (ለዚያ ሐሩር ለሆነ አገር ጋቢ!)፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ሲጠሩህ ቶሎ አቤት በል በይልኝ»። ፍስሐ ልጅ ሳለ ሦስቴ ካልተጠራ አቤት አይልም ነበር። እማዬ ከደጅ ቆማ «ፍስሐ! ፍስሐ! አንተ ፍስሐ!» ስትል ነው ያደግነው። አሁን ወታደር ነው፣ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። እንደ ልማዴ መስመሯን ሳልጽፍ ተውኳት። «ጽፈሻል?» ስትለኝ «ጽፌያለሁ» አልኩ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 12

ዝናብ። እንጦጦ አይታይም። ቢሮ ስደርስ ጫማዬ ውስጥ ውኃ ነበረ።

የቪላው ጓሮ ውስጥ ደረቅ የነበረ ትንሽ የመዋኛ ገንዳ አለ። ሁለቱ መኮንኖች በእሱ አፍ ላይ አሸዋ አስደልድለው የባሕር ዳርቻ ሠርተዋል። ገንዳው ባሕር ነው። መርከቡ የክብሪት ቀፎ ነው። አውሮፕላኖቹ የልብስ መቆንጠጫዎች ናቸው። እግረኛው ጦር ሽምብራ ነው። ሽምብራውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ከቤት። ጓድ ታፈሰ «ለጥናቱ አስተዋጽኦ አድርጊ» ብሎኝ። በየሌሊቱ ዝናብ ዳርቻውን ይንደዋል፤ በየጠዋቱ ሁለት መኮንኖች ዣንጥላ ይዘው አሸዋ ይደለድላሉ። ደግነቱ ባሕሩ አሁን እውነተኛ ውኃ አለው።

ዛሬ ማስታወሻ እንድይዝ ዣንጥላ ሥር አቆሙኝ። ሻለቃው በአንድ መቆንጠጫ አንዲት ጠጠር እየጠቆመ ነበር። ጠጠሯ የጠላት ምሽግ ናት። አንድ አውሮፕላን፣ አንድ ቦምብ፣ አንድ ምሽግ፤ በቃ፣ አለ። የእርስዎ መድፍ ግን ሃምሳ ጥይት ይረጭና አንዱ የራሳችን ሰው ላይ ያርፋል። ደግሞ ከኮረብታው ጀርባ ያለውን ምን ሊያደርጉት ነው?

ኮማንደሩ ጋቢያቸውን በካፖርቱ ላይ ደርበው (ሃያ ዓመት ባሕር ዳርቻ ኖረው የጉለሌ ብርድ ገድሏቸዋል) ቀስ ብለው መለሱ። እኔ ምሽጉ ውስጥ ያለውን ሰውዬ መግደል አይደለም የምፈልገው አሉ። አንገቱን እንዲደፋልኝ ነው የምፈልገው። አንገቱን እንደደፋ ሽምብራዎቹ ይወጣሉ። ያንተ አውሮፕላን መጥቶ ጥሎ ይሄዳል፤ ነዳጁ ያልቅበታል፣ ጭጋግ ይሆናል። እሱ ሲሄድ ሰውየው ቀና ይላል። መርከብ ግን አይሄድም።

ሁለቱም ልክ ናቸው። የሚያናድደኝ እሱ ነው። ሁለቱም ልክ መሆናቸውን ከእነሱ በቀር ሁሉም ሰው ያያል። የማባዣ ክፍሉ ሰውዬ እንኳ «ለምን ሁለቱንም በተራ አያደርጉትም?» አለኝ ቀለም እየሞላ።

አንዷን ሽምብራ ፍስሐ ብያታለሁ። ጠርዝ ላይ ያለችው፣ ትንሽ የተጨማደደችው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 13

ተስማሙ! አሥራ ሦስተኛው ረቂቅ። የማባዣው ሰውዬ ያለው ቃል በቃል የተፈጸመ ይመስል፣ በተራ ሊያደርጉት ነው። «ሰዓት ሀ» የሚባል አንድ ሰዓት አወጡ። እስከ ሰዓት ሀ መርከቡ ይተኩሳል፣ በሰዓት ሀ ያቆማል። በዚያው በሰዓት ሀ አውሮፕላኖቹ ይገባሉ። አንድ ላይ እንዳይሆኑ የተደረገው የመርከቡ ጥይት በአየር ላይ ሲሄድ አውሮፕላን እንዳያገኝ ነው። በሰዓት ሀ እግረኛው ከጀልባ ወርዶ አሸዋው ላይ ይሆናል። ጓድ ታፈሰ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ከልቤ ነው።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ዋናው ጽሑፍ የጋራ ነው፤ አባሪው ግን ለየብቻ ነው። የባሕር ኃይሉን አባሪ አየር ኃይሉ አያይም፣ የአየር ኃይሉን ባሕር ኃይሉ አያይም። ሌላዋ ታይፒስት ወልዳ ቤቷ ስላለች ሁለቱንም የምመታው እኔ ነኝ። ጓድ ታፈሰ ሁለት ወረቀት አስፈረመኝ። በአንደኛው ያየሁትን ለአየር ኃይል ላልናገር፣ በሁለተኛው ያየሁትን ለባሕር ኃይል ላልናገር። «ብትናገሪ የሚከተለውን ታውቂዋለሽ» አለ። አውቀዋለሁ። ማን ነው የማያውቀው?

የኮማንደሩን አባሪ መታሁ። ሦስተኛ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፤ መርከቡ ተኩስ የሚያቆመው ከሰዓት ሀ ሃያ ደቂቃ ቀድሞ ነው። ምክንያቱ አልተጻፈም። መጻፍም አያስፈልገውም። አንድ አውሮፕላን በመርከብ ጥይት ቢመታ ማን ይጠየቃል? ኮማንደሩ። ስለዚህ ሃያ ደቂቃ ለራሳቸው አንገት ቆጥበዋል። አልፈረድኩባቸውም። ሃያ ደቂቃ ያህል ፍስሐ ይችለዋል ብዬ አሰብኩ፤ ጀልባው ላይ ነው የሚሆነው።

ከፍስሐ ደብዳቤ መጣ! አንድ ገጽ ተኩል። ደህና ነኝ ይላል፣ ጋቢውን ተዉት ይላል፣ ዓሣ ሰለቸኝ ይላል። ከዚያ በመሃል ጣል ያደረጋት አንዲት መስመር አለች። «መርከቡ ሲተኩስ ጆሮ ይደነቁራል፣ ግን ደስ ይለናል። ጭንቁ ዝም ሲል ነው።» ለእማዬ ሳነብላት ይህችን ዘለልኳት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 14

እስክሪብቶው ወረቀቱን እየቀደደ ነው የምጽፈው። በንዴት ነው።

የሻለቃውን አባሪ መታሁ። እዚያም ሦስተኛ ገጽ ላይ ነው። ሁለቱንም አባሪ በአንድ ፎርም ስለሠራሁት ሰዓቱ የሚገባው ሁለቱም ላይ ሦስተኛ ገጽ ነው። ምን ይላል? አውሮፕላኖቹ ከሰዓት ሀ አሥራ አምስት ደቂቃ ካለፈ በኋላ እንጂ ወደ ዳርቻው እንዳይገቡ። እሱም ፈራ። መርከቡ ቢዘገይና ጥይቱ አውሮፕላን ቢያገኝ «ለምን ቸኮልክ?» የሚባለው እሱ ነው።

ሃያና አሥራ አምስት። ሠላሳ አምስት ደቂቃ። መርከቡ ዝም ያለበት፣ አውሮፕላን ያልመጣበት ሠላሳ አምስት ደቂቃ። የመጀመሪያው ሃያ ጀልባ ላይ፣ የመጨረሻው አሥራ አምስት ደግሞ ጥላ የሌለው አሸዋ ላይ። ጠላት ቀና ብሎ ሻይ ጠጥቶ ይደርሳል። ይህን የሚያውቅ በአገሩ ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ፈርሜያለሁ።

ሁለት ወር ስለ ጀግንነት ሲጨቃጨቁ ኖረው መጨረሻ ላይ ሁለቱም የጻፉት ፍርሃታቸውን ነው። አንዱ የሌላውን ፍርሃት አያውቅም። አዋቂ ሰዎች ናቸው እኮ!

ሞከርኩ። ኮማንደሩ ሻይ ሲጠጡ ጠጋ ብዬ «ኮማንደር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰዓቱን ከሻለቃ ጋር አንድ ጊዜ ቢተያዩበት» አልኩ። ብርጭቆውን አስቀመጡ። «የእነሱን አባሪ ነው የምትነግሪኝ?» አሉ፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ። ቁጣ አልነበረም። ለእኔ የፈሩልኝ ይመስለኛል። «ኧረ የለም፣ እንዲያው ነው» አልኩና ወጣሁ።

ጓድ ታፈሰ ጋ ሄድኩ። አባሪዎቹ ላይ ያሉት ቁጥሮች ሲደመሩ የሚያሳስብ ነገር አለ አልኩት። ቀና ሳይል «አንቺ የተቀጠርሽው ለመምታት ነው፤ ለመደመር አይደለም» አለኝ።

ሻለቃው ጋ አልሄድኩም። ሻለቃው የሰማውን ሁሉ የሚያስመዘግብ ሰው ነው።

እማዬ እንዝርቷን እያሾረች ፊቴን አየችና ምን ሆንሽ አለች። ምንም አልኩ። «ዝም አይነቅዝም ልጄ» አለች። አዎ፣ ዝም አይነቅዝም። ሰው ግን ይነቅዛል።

ዓርብ፣ ሐምሌ 15

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ተባዛ። የባሕር ኃይሉ አባሪ ስምንት ቅጂ፣ የአየር ኃይሉ ስምንት ቅጂ። ነገ ጠዋት ይታደላል፣ ከታደለ በኋላ በመልእክተኛ ይሄዳል። ከሄደ ሄደ ማለት ነው።

ገጾቹን የማደራጀው ቪላው ሳሎን ውስጥ ባለው ረጅም የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስምንት ክምር ወዲህ፣ ስምንት ክምር ወዲያ። ጠረጴዛውን እየዞርኩ ገጽ አንድ፣ ገጽ ሁለት፣ ገጽ ሦስት እያልኩ ማስቀመጥ ነው። አሥር ዓመት ሠርቼዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜም አልሳሳትም። ለዚህ ነው እኔ ጋ የሚያመጡት።

መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። አሸዋው ላይ ማንም የለም። ከተስማሙ ወዲህ ማንም ወደ ጓሮ አልወጣም። ሽምብራዎቹ እንደተቀመጡ ናቸው፤ ወርጄ ባያቸው አብጠዋል፣ ጥቂቶቹ ነጭ ጭራ አውጥተዋል። በቅለዋል። እነዚህ ሰዎች ሲጨቃጨቁ ጦሩ በቀለ። ብቻዬን ሳቅኩ፣ ከዚያ ማልቀስ መጣብኝ።

ተመልሼ ገባሁና የአየር ኃይሉን ገጽ ሦስት የባሕር ኃይሉ ክምር ውስጥ አስገባሁ። የባሕር ኃይሉን ገጽ ሦስት የአየር ኃይሉ ውስጥ። አሥራ ስድስቱንም። ስቴፕለር መታሁባቸው። ፖስታ ውስጥ አሸግኳቸው።

ቤት ስደርስ ምሳ ዕቃዬን ቢሮ መርሳቴን አወቅኩ። አሥራ ስድስት ገጽ ሳልንቀጠቀጥ አምታትቼ ምሳ ዕቃ ረሳሁ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 16

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው የፈነዳው።

ከልጆቹ ክፍል ሆኜ እሰማለሁ። መጀመሪያ ወረቀት ይገለበጣል። ከዚያ ሻለቃው «ይሄ ምንድን ነው? ሃያ ደቂቃ ቀድሞ? ሰዓት ሀ ብለን አይደለም እንዴ የፈረምነው?» ከዚያ ኮማንደሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ በሁለት ወር ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ፣ «አሥራ አምስት ደቂቃ ምን ልታደርግ ነው የምትዘገየው? ምሳ ልትበላ ነው?» ፈሪ ተባባሉ። አንዱ ሌላውን አድኃሪ አለው፤ ማን እንደሆነ አልለየሁም፣ ሁለቱም ሳይሆኑ አይቀሩም።

በቃ፣ አሁን ይደምሩታል ብዬ ጠበቅኩ። ሃያና አሥራ አምስት፤ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሚደምረው ነው። የለም። ጓድ ታፈሰ ገባና የጠየቀው «ምስጢሩን ያወጣው ማን ነው?» ብቻ ነው። ሦስቱም ወደዚያው ዞሩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ምስጢር። ፊርማ፣ ፖስታ፣ ማኅተም፣ ማን አሸገ፣ ማን ከፈተ። ስለ አሸዋው አንድ ቃል የለም። ከክፍሌ ተነስቼ በራቸው ላይ ቆምኩ።

ሳይጠሩኝ ገባሁ። «እኔ ነኝ ጓዶች። ስደረድር ተቀላቅሎብኝ ነው» አልኩ። ጓድ ታፈሰ አየኝ። «አሥራ ስድስቱም?» አለ። «ሁለቱም አባሪ አንድ ዓይነት ፎርም ስለሆነ ነው» አልኩ። ውሸት አይደለም። ሰኞ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ይጠራል፣ እስከዚያ ቁልፉን አስረክቢ ተባልኩ።

አሥራ ስድስቱም አባሪ ተሰብስቦ ሳጥን ውስጥ ተቆለፈ። ስለዚህ ቢያንስ ዛሬ አልሄደም።

ስወጣ ኮማንደሩ ጓሮ ነበሩ። ጋቢያቸውን ሰብስበው አሸዋው አጠገብ ቁጢጥ ብለው፣ በጣታቸው ሽምብራ ይነካካሉ። አላዩኝም። ወይም እንዳላዩ ሆኑ።

እሑድ፣ ሐምሌ 17

እማዬ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ የፈተለችውን ለሸማኔ ልትሰጥ ሽሮ ሜዳ ሄደች። እንድሸኛት ፈለገች፤ ራሴን አሞኛል አልኩ።

አላመመኝም። መኪና በቆመ ቁጥር ተነስቼ ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ። በእኛ መንደር በእሑድ የሚቆም መኪና ብዙ አይደለም፤ ዛሬ ግን ሦስት ቆመ። አንዱ የጎረቤት ሠርግ ጠሪ። አንዱ መንገድ የጠፋው። ሦስተኛውን ለማየት ድፍረት አጣሁ፤ ሲሄድ ሰማሁት።

ቢወስዱኝ እማዬን ማን ያያታል? ይህን ዓርብ ዕለት ማሰብ ነበረብኝ። አስቤውም ነበር። አስቤው ነው ያደረግኩት። ፍስሐስ ቢሞት ማን ያያታል ብዬ ነው። አሁን ሁለታችንንም ልታጣ ትችላለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን አልቸኮልኩም፣ ሌላ መንገድ አጣሁ እንጂ።

እማዬ ስትመለስ ሸማኔው ጋቢውን ለማክሰኞ አደርሳለሁ አለኝ ብላ ደስ ብሏታል። ለማክሰኞ! ለዚያ ሐሩር!

ሰኞ፣ ሐምሌ 18

አለቀ። ቤቴ ነኝ። ያ ነው ዋናው።

ስብሰባው ሳሎን ውስጥ ያንኑ ረጅም ጠረጴዛ ከብበን ነበር። ቆሜ ግለ ሂሴን አደረግኩ። በቸልተኝነት፣ በንዑስ ከበርቴ ግድየለሽነት፣ ለጠላት በር ሊከፍት የሚችል ስህተት ፈጽሜያለሁ አልኩ። ጓድ ታፈሰ ነው ትናንትና ያዘጋጀው፤ ጽፎ ሰጠኝ፣ ሦስት ፊደል ተሳስቷል፣ አርሜ አነበብኩት። ከዚያ ሁሉም ሂሱን ሰጠ። የማባዣው ሰውዬ አንገቱን ደፍቶ «ጓዲት ጥንቃቄ ይጎድላታል» አለ፤ አሥር ዓመት ሙሉ የኔን ጥንቃቄ ሲያማርር የኖረ ሰው።

ኮማንደሩ እጃቸውን አወጡ። ይከራከሩልኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ሰው ነኝ። «ስህተቱ ከባድ ነው» አሉ። «ከጽሕፈት ሥራ ተነስታ ወደ መዝገብ ቤት ትዛወር። ሌላ እርምጃ ግን ሥራውን ያጓትታል፣ ሥራው ደግሞ አስቸኳይ ነው።» ሻለቃው ወዲያው ደገፋቸው። ሁለት ወር ሙሉ ሲጨቃጨቁ የኖሩ ሰዎች በእኔ ተስማሙ። ጓድ ታፈሰም ሁለቱን አንድ ላይ ካገኘ ብሎ ነው መሰል መዶሻውን መታ።

ስለዚህ መዝገብ ቤት ነኝ። የቪላው ምድር ቤት ነው፤ ይሸታል፣ አምፖሉ አንድ ነው። አባሪዎቹን ሌላ ቦታ ሌላ ሰው ይመታቸዋል። ሠላሳ አምስቱ ደቂቃ ተዘጋ ወይስ አልተዘጋም፣ እኔ የማውቅበት መንገድ የለም። ያንን ሁሉ አድርጌ ያተረፍኩት አለማወቅ ነው። ከዝሆኗ ጋር እንኳ አልተሰናበትኩም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 19

ገብርኤል ነው። እማዬ በጠዋት ሄዳ ተስላ መጣች። ምን እንደተሳለች አልነገረችኝም።

አምስት ሰዓት ገደማ ኮማንደሩ ምድር ቤት ወረዱ። አንድ አሮጌ መዝገብ ፈልጊልኝ አሉ፤ የማያስፈልጋቸው የስልክ ክፍያ መዝገብ። ስፈልግ ከኋላዬ ቆመው ሲያወሩ ነበር፤ ለመደርደሪያው የሚያወሩ ይመስላሉ።

«የእግረኛውን የሬዲዮ መገናኛ ሰዎች ስም ዝርዝር አይቼ ነበር» አሉ። «አንዱ የአባቱ ስም ከአንቺ አባት ስም ጋር አንድ ነው። የአያቱም።»

አቧራ ውስጥ እጄን ከትቼ ቆምኩ።

«ሰዓት ሀ ቀርቷል» አሉ። «በሰዓት ከሄድን ሁላችንም ለራሳችን ትንሽ ትንሽ እንቆርጣለን። እኔም ቆርጬ ነበር፤ አላፍርም፣ አፍራለሁም። አሁን የተጻፈው እንዲህ ነው። መርከቡ አውሮፕላኖቹን በዓይኑ ሳያይ አያቆምም። አውሮፕላኖቹ ከባሕሩ በላይ ዞረው ይጠብቃሉ እንጂ አይገቡም፤ አሸዋው ላይ ያለው የሬዲዮ ሰው፣ አብራሪዎቹ ሲጠሩት መልሶ ‹ግቡ› ሲል ብቻ ነው የሚገቡት። ከሻለቃው ጋር አንድ ወረቀት ላይ፣ ጎን ለጎን ፈርመናል። አባሪ የለም።»

«ሻለቃው እሺ አለ?» አልኩ። ሻለቃው ማለቴን፣ አንቱ መርሳቴን ልብ አላሉም፤ ወይ አልፈውታል።

«እሱም ወንድም አለው» አሉ። ከዚያ በር ላይ ደርሰው፣ «ልጄ፣ ያ ስህተት» አሉ። «ሁለተኛ እንዳይደገም።» መዝገቡን ሳይወስዱ ወጡ።

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ቀለለኝ፤ ሰውነቴ ሁሉ። ከዚያ ያሉት ነገር ቀስ እያለ ገባኝ። ሲጠሩት መልሶ ‹ግቡ› ሲል ብቻ። ሁለት ወር፣ አሥራ ሦስት ረቂቅ፣ መድፉ፣ አውሮፕላኑ፣ ሰፊው ሕዝብ፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ አንድ ሰው ሲጠራ አቤት በማለቱ ላይ ወደቀ። ማን ላይ? ሦስቴ ሳይጠራ አቤት ብሎ በማያውቀው ልጅ ላይ።

ልጽፍለት አልችልም። ደብዳቤ ይከፈታል። ስለ መርከብ፣ ስለ ሬዲዮ፣ ስለ ሰዓት አንዲት ቃል ብጽፍ ለእሱም ለእኔም መጥፊያ ነው።

ቤት ስደርስ ጋቢው ደርሷል። ወፍራም ነው፣ ጥለቱ ያምራል፣ ፍስሐ ለምንም አይጠቀምበትም። እማዬ አጣጥፋ እላዩ ላይ የምታስቀምጠው ደብዳቤ ፈለገች። ወረቀት አወጣሁ። ሰላምታ። የጎረቤት ሰላምታ። ጋቢው። ከዚያ ሁልጊዜ እንደምትለው «ሲጠሩህ ቶሎ አቤት በል በይልኝ» አለች፣ እንደማልጽፈው እያወቀች ይመስለኛል፣ እንዲያው ለአፏ።

ጻፍኩት። በትልልቅ ፊደል ጻፍኩት። ሥሩ አሰመርኩበት። ከሥሩ ደግሞ በራሴ ስም፣ «እማዬ እንዳለችው አድርግ፤ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት በል» ብዬ ጨመርኩ። ደብዳቤ ከፋቹ ቢያየው የእናት ንዝንዝ ነው፤ ምን ይለዋል?

እማዬ ማንበብ አትችልም፣ ግን መስመሩን ቆጠረች። «ዛሬ በዛ» አለች። «አንቺ ደግሞ ምን ጨመርሽበት?»

«ያንቺኑ ነው» አልኳት።